በቀይ ቀለም የሚጻፍ ስም

ከዋጃ ቆላ እስከ ላስታ ደጋ፣ ንዳድ ሲበረታ ወይም ሾተላይ ልጅ ሲያሳጣ፣ ሰው ደብተራ ዘንድ ሄዶ ክታብ ያስጽፍ ነበር። ዛሬም የሚያስጽፍ አለ። በፈዋሽነቱ የሚከራከር ይከራከር፤ እኔን የሚማርከኝ የእጅ ሥራው ነው።

ጥሩ የተጻፈ ክታብ ዘርግተን እንየው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮና ተፍቆ ብራና ሆኗል። ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ፣ ሁለት ሦስቱ ቁራጭ በጠፍር ተሰፍቶ በአስጻፊው ቁመት ልክ ረዝሟል። መስመሩ በወስፌ ጫፍ ተጭኖ የተሰመረ ስለሆነ ቀለም የለውም፤ ብራናውን ወደ ብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት ነው የሚታየው። ከላይ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ መካከሉ ላይ ፊት፣ ዙሪያውን ዓይኖች። ጽሑፉ ጥቁር ነው። ቀዩ ቀለም ግን በቁጠባ ይወርዳል፤ ለጸሎቱ መክፈቻ፣ ለአምላክ ስሞች፣ ለባለቤቱ ስም። አዶናይ፣ ኤልሻዳይ፣ ጸባኦት። ጸሐፊው ጥቁሩን ሲጽፍ ለቀዩ ቦታ ትቶ ያልፍና በኋላ ተመልሶ ይሞላዋል። ግምቱ ከሳተ ፊደሉ ይጨናነቃል ወይም ክፍተት ይተርፋል። የሠለጠነ እጅ የጻፈው ክታብ ላይ ግን ቀዩና ጥቁሩ በአንድ ትንፋሽ የወረዱ ይመስላሉ።

እነዚሁን ስሞች በ13ኛው መቶ ዓመት በስፔን ምድር በካስቲል የኖረው አይሁዳዊ ዮሴፍ ጂካቲላ በሌላ መንገድ ደርድሯቸዋል። ካባላ በሚባለው የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት፣ ኤን ሶፍ የሚባለው ወሰን የሌለው አምላክ ሰፊሮት በሚባሉ አሥር መገለጫዎች በኩል ይገለጣል። ጂካቲላ «የብርሃን ደጆች» በተባለው መጽሐፉ እያንዳንዱን ሰፊራ ከአምላክ ስም ጋር አዛመደ። ከታችኛው፣ «መንግሥት» ከሚባለው ሰፊራ፣ ይነሣል፤ የሚዛመደው ስም አዶናይ ነው። ከዚያ ደጅ በደጅ ወደ ላይ ይወጣል። የመጽሐፉ የላቲን ትርጉም እ.ኤ.አ. በ1516 አውግስበርግ ሲታተም፣ በፊት ገጹ ላይ አሥር ክብ ያለው ዛፍ የያዘ ሰው ተቀረጸ። ካባሊስቶች ይህንን ዛፍ በረጃጅም የብራና ጥቅሎችም ሥለውታል።

ከካስቲል ወደ ወሎ የተሻገረ ትምህርት አለ ማለቴ አይደለም። ስሞቹን ሁለቱም ያገኟቸው ከብሉይ ኪዳን ነው። የተለያዩት በአሠራር ነው፤ ጂካቲላ ለእያንዳንዱ ስም ቦታና ማዕረግ ሰጠ፣ ደብተራው ደግሞ ስም በስም ላይ እየደራረበ ይጽፋል። ከዚያም በዚያው ቀይ ቀለም፣ ከእነዚያው ስሞች አጠገብ የሰው ክርስትና ስም ያስገባል፦ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሚካኤል። ካየኋቸው የብዕር ሥራዎች ሁሉ ከዚህ የደፈረ አላውቅም።

ክታብ ባለቤት ሲቀይር የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። የተፋቀው ቦታ ስለሚሳሳና ስለሚሻክር ቀለም ይስባል፤ ሁለተኛው ስም ጠርዙ ፈሰስ ብሎ ይታያል። የአምላክ ስሞች ግን አይፋቁም፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ እንዳሰፈራቸው፣ ጠርዛቸው እንደጠራ፣ ለተከታዩ ባለቤት ይተላለፋሉ።