ከበሩ ላስቲክ ሥር

የቆየ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ኮፈን ያስከፍታል። ሞተሩ ይነሳል፣ ነዳጅ ይረገጣል፣ አንዱ ከኋላ ቆሞ ጭሱን ያያል፣ ደላላው ደግሞ «ሞተሩ አልተነካም» እያለ ይምላል። እኔ ከሞተሩ በፊት የሾፌሩን በር ከፍቼ ደፉ ላይ የተሰካውን ጥቁር ላስቲክ እገልጣለሁ። ላስቲኩ የሚይዘው ላሜራዎቹ ተደራርበው የተበየዱበትን ጠርዝ ነው። ጠርዙ ላይ በየተወሰነ ርቀት ክብ ክብ ምልክት ይታያል፤ ከትንሽ ጣት ጥፍር ያነሰ፣ መሀሉ ዝቅ ያለ፣ ጥልቀቱ ከቀጣዩ ጋር እኩል የሆነ። ፋብሪካው ላሜራዎቹን በሁለት የመዳብ ጫፎች መሀል ጨምቆ በኤሌክትሪክ ያጣበቀበት ነጥብ ነው። ነጥቦቹ ከፊት እስከ ኋላ ሳይቋረጡ ከሄዱና የፋብሪካው ቀለም በላያቸው እንደተኛ ካለ፣ ያ መኪና በዚያ ጎኑ ክፉ ግጭት አላየም ማለት ነው። ላስቲክ አውልቆ ጠርዙን እንደ ፋብሪካ አድርጎ የሚመልስ አታላይ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ልፋቱ ከትርፉ ይበልጣል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አረርቲ ላይ ያየሁት ኮሮላ ነው፤ ገበያው ዲኤክስ የሚለው፣ የ82 ሞዴል። ዘመዴ ሊገዛው አስቦ ነበር። ሰውየው ጤፍና ሽምብራ ይነግዳል፤ ለንግዱ ሞጆ የሚመላለስበት፣ በበዓል ደግሞ ልጆቹንና እናቱን ሸንኮራ ዮሐንስ የሚያደርስበት መኪና ይፈልጋል። ለከተማው ውስጥ ባጃጅ ይበቃል። ለቤተሰብና ለረጅም መንገድ ግን በሩ የሚዘጋ፣ አምስት ሰው የሚይዝ፣ ዕቃም የሚጭን ያስፈልጋል። አብረውን የነበሩት ሞጆ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላሜራ ሲመቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ደላላው ስለ ሞተሩ ሲያወራ እርሳቸው በዝምታ መኪናውን ይዞሩ ነበር።

ስለዚህ መኪና ስናወራ ብዙ ሰው «የድሮ መኪና ብረቱ ወፍራም ነው» ይላል። የኮሮላ ላሜራ ግን ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጥንካሬውን ያገኘው ከአስተጣጠፉ ነው። ከፊት ፓራፋንጎ ተነስቶ ሁለቱን በሮች አልፎ ወደ ኋላ መብራት የሚሄደውን እጥፋት ልብ ብላችሁ እዩት። ለጌጥ የተሰመረ ይመስላል፤ ሥራው ግን ሰፊው ስስ ብረት እንዳይርገበገብ ማድረግ ነው። ጠዋት፣ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ሳለ ከመብራቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ በእጥፋቱ ላይ አሻግሮ ማየት ያስፈልጋል። የአረርቲው ኮሮላ በግራ ጎኑ ብርሃኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይሰበር ሄደ። በሩ ላይ ደረሰ፣ ክፍተቱን ተሻገረ፣ በሁለተኛው በር ላይ በዚያው ከፍታ ቀጠለ። አራት የተለያዩ ላሜራዎች፣ ለየብቻ ተጨፍልቀው፣ በማጠፊያ፣ በብሎንና በብየዳ ተገጣጥመው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ከተነዱ በኋላ አንድ መስመር ላይ መቆማቸው እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል። በሩን በሁለት ጣት ገፋ አድርጌ ለቀቅኩት። ሳይንቋቋ፣ ከፍ ዝቅ ሳይል፣ በራሱ ክብደት ሄዶ ተዘጋ።

እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ አይመጣም። የመጀመሪያው ኮሮላ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1966 ነው። ዋና መሐንዲሱ ታትሱኦ ሃሴጋዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አውሮፕላን ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። ለኮሮላ ያወጣው መመሪያ በጃፓን የመኪና ታሪክ የታወቀ ነው፤ መኪናው በሁሉም ነገር ከመቶ ሰማንያ ማግኘት አለበት፤ በአንዱ ጎበዝ ሆኖ በሌላው መውደቅ የለበትም፤ በዚያ ላይ ደግሞ ገዢው «ይሄስ ከጠበቅሁት በላይ ነው» የሚልበት ተጨማሪ ነገር ሊኖረው ይገባል። እኔ መኪና ስገመግም በልቤ የምይዘው ይህንኑ ሚዛን ነው። የቤተሰብ መኪና ፍጥነቱ መቶ ከመቶ ሆኖ ፍሬኑ ሃምሳ ከሆነ ወድቋል። ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ2021 ሃምሳ ሚሊዮን ተሽጦ ያለፈው ማንንም በአንድ ነገር አስደምሞ አይመስለኝም፤ በየትኛውም ነገር ባለማሳፈሩ ነው።

የአረርቲው መኪና ከአራተኛው ትውልድ ነው፤ ኢ70 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው። ከዚህ ቀጥሎ በ1983 የመጣው ሴዳን በፊት ጎማው የሚጎተት ሆነ፤ ይሄኛው ግን ገና በኋላ ጎማው ይገፋል። ኮፈኑ ሲከፈት ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ በሪቬት የተያዘ ትንሽ ሳህን አለ፤ የሞዴሉ ምልክት ኬኢ70 ተብሎ ተመቶበታል። ኬ የሞተሩ ቤተሰብ ነው፣ ኢ የኮሮላው። በዚያው ግድግዳ ብረቱ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳከርን፤ ተስማማ። በቁጥሮቹ ዙሪያ የመፋቂያ ምልክት የለም፣ ቀለሙም የፋብሪካው ነው። ይህን ያላየ ሰው ውልና ማስረጃ ደጃፍ ላይ ነው የሚያለቅሰው።

ሞተሩ 4ኬ ነው፣ 1,290 ሲሲ። ገላው የብረት፣ ቴስታታው የአሉሚኒየም። ቫልቮቹን የሚያስነሳው ዘንግ የሚዞረው በሰንሰለት ነው፤ የቫልቭ ክዳኑን አንስቶ፣ በቁልፍና በጠመንጃ መፍቻ ክፍተቱን ማስተካከል ይቻላል፤ ለመሳቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ። መካኒክ የሚገባበት ቦታ አለው፤ እጅ ከሞተሩ በሁለቱም ጎን ይገባል፣ ካንዴላዎቹ ፊት ለፊት ናቸው፣ ሞተሪኖውን ለማውጣት ሌላ ነገር ማፍረስ አያስፈልግም። ይህንንም ከጥበቡ እቆጥረዋለሁ። የነደፈው ሰው ከዓመታት በኋላ፣ ከጃፓን ርቆ፣ በጥቂት ቁልፍ የሚሠራውን መካኒክ አስቦለታል።

ሞተሩን ያስነሳነው ቀዝቅዞ እያለ ነው፤ ሻጭ አስቀድሞ ያሞቀውን ሞተር መስማት ዋጋ የለውም። ሰንሰለቱ ለአፍታ ተንኮሻኩሾ ዘይት ሲደርሰው ዝም አለ። ከዚያ ካንዴላዎቹን አስወጣን። የዘይት እርጥበት የለባቸውም፣ ስለዚህ ፋሻው ደህና ነው። ቀለማቸው ግን መሆን ከሚገባው ፈዛዛ ቡናማ ይልቅ ወደ ነጭ ያደላል። መኪናው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ነዳጅ እንዲቀንስ ተደርጎ ተስተካክሏል። አረርቲ ከዚያ እጅግ ዝቅ ትላለች፤ አየሩ ይወፍራል፣ ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩ በሙቀት ይሠራል። ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ የያዘውን ትንሽ ነሐስ ቀይሮ ማስተካከል ነው። ደላላው በዚህ ምክንያት ዋጋ ሊቀንስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሽማግሌው ግን «ይሄ የመኪናው ጥፋት አይደለም» ብለው አስቆሙት። እኔም ተስማማሁ።

ወደ ቀኝ ጎን ስንዞር ነገሩ ተለወጠ። የቀኝ የፊት ፓራፋንጎ ተነክቷል። ከውጭ አይታወቅም፤ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለን ብናስጠጋው ከሌላው ቦታ እኩል ይይዛል። ያስታወቀው የብሎኑ ራስ ነው፤ ቁልፍ ገብቶበት የፋብሪካው ቀለም ተሰንጥቋል። ሽማግሌው ጎማውን ወደ ግራ አስጠምዝዘው እጃቸውን ከፓራፋንጎው ሥር አስገቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ፣ ከዚያ የኔን እጅ ይዘው ወደዚያው ወሰዱት።

«ይኸውልህ ልጄ፣ ተሰማህ?»

ተሰማኝ። ከውስጥ በኩል ብረቱ ላይ ተቀራርበው የተደረደሩ ጥቃቅን የመዶሻ ምቶች አሉ። አንዱም ጠልቆ አልገባም፣ አንዱም ከሌላው አይርቅም። የጠገነው ሰው በአንድ እጁ ከውጭ የብረት መደገፊያ ይዞ፣ በሌላው ከውስጥ እያነሳ፣ ጉድጓዱን ከዳር ወደ መሀል በትዕግሥት አምጥቶታል። ከመካከሉ ዝቅ ብሎ ሳንቲም የሚያህል ለስላሳ ቦታ አለ። ብረት ሲጋጭ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ብረት በመዶሻ ብቻ ወደ ቦታው አይመለስም፣ ከዚህ ሲመቱት በዚያ ይነሳል። ያቺን ቦታ በእሳት እስክትቀላ አግሎ፣ በፍጥነት መትቶ፣ በርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ ነው፤ ያኔ ብረቱ ይሰበሰባል። ከልክ በላይ ካጋሉት ይጨማደዳል፣ ካነሰ ምንም አይሆንም። ይሄ ሰው ልኩን ያውቃል። ስቱኮው ከወረቀት ብዙም አይወፍርም፤ ማግኔቱ እኩል የያዘው ለዚያ ነው።

«ጋሼ፣ የማን ሥራ ነው?» አልኳቸው።

«የማን እንደሆነ አላውቅም። የተማረ እጅ ነው» አሉኝ፤ ደግመውም ዳሰሱት።

ደላላው ግን «ቦዲው ተነክቷል» በሚል ገዢው ዋጋ እንዳይቆርጥ ፈርቶ ነገሩን ሊሸፍን ይሞክር ነበር። ገበያችን እዚህ ላይ ክፉኛ የተበላሸ ይመስለኛል። በሙያ የተጠገነ ፓራፋንጎ ዋጋ ያስቀንሳል፤ ለሽያጭ ተብሎ ከላይ እስከ ታች የተረጨ አዲስ ቀለም ዋጋ ያስጨምራል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። አዲስ የተቀባ የቆየ መኪና ምን እንደደበቀ አይታወቅም። የፈዘዘ የፋብሪካ ቀለም ያለው ግን ታሪኩን ሁሉ ይናገራል፤ የትኛው በር እንደተቀየረ፣ የቱ ጋ ዝገት እንደጀመረ፣ የቱ ጋ ባለሙያ እንደነካው።

ጉድለቱንም ልናገር። የኋላ ወንበሩን አንስተን ምንጣፉን ገለጥን፤ በግራ በኩል ወለሉ ላይ ዝገት ጀምሯል። ምክንያቱም ከሥሩ ይታያል። ጥቁር አፈር በክረምት ሲጣበቅ አይለቅም፤ ጭቃው በሩ ሥርና ደፉ ሥር ያሉትን የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ደፍኗቸው ውሃው እዚያው ቆሟል። ፋብሪካው ቀዳዳዎቹን ያበጃቸው ለዚህ ነበር፤ በየክረምቱ መውጫ በሽቦ የሚጠርጋቸው ሰው ግን አላገኙም። ዝገቱ ገና ብረቱን አልበሳውም። ማርሚታው ተበይዷል፣ መቀየር አለበት። ስኮርታ ጎማው አልቋል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ከመጀመሪያውም የሌለው ነገር ነው፤ መኪናው ኤርባግ የለውም፣ ኤቢኤስ የለውም፣ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆች ቀበቶ የላቸውም። ከባድ ጭነት ከሚበዛበት መንገድ ጋር ይህን አያይዤ ለዘመዴ በግልጽ ነገርኩት። የኋላ ቀበቶ አሠርቶ እንዲያስገጥም፣ ሳያስገጥም ልጆቹን ይዞ ወደ ሞጆ እንዳይወርድ ነው የመከርኩት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ ኤሌክትሪክ መግዛት ላልቻለ ቤተሰብ አገር ውስጥ ያሉት መኪኖች ናቸው የሚዘዋወሩት። ቁጥራቸው አይጨምርም። ስለዚህ የተማሩ እጆችን ዋጋ ሰጥቶ ማቆየት፣ ዝገትን በጊዜ መያዝ፣ የፋብሪካ ቀለምን አለመደበቅ ከመቼውም በላይ የሁላችን ጉዳይ ሆኗል።

የዚህ ኮሮላ ነገር በሃሴጋዋ ሚዛን ሲታይ፦ ቦዲው ከሰማንያ በላይ፣ ሞተሩ ሰማንያ፣ ወለሉ ስድሳ፣ ለልጆች ደኅንነት ከዚያም ያነሰ። ዘመዴ የወለሉንና የማርሚታውን ወጪ ከዋጋው አስቀንሶ ገዝቶታል፤ ለፓራፋንጎው ግን አንድ ብር አላስቀነሰም።

ሻጮች፣ እባካችሁ መኪናችሁን ለሽያጭ ብላችሁ አትቀቡ፤ ያለውን ቀለም አጥባችሁ አቅርቡት። ገዢዎችም የአራቱንም በር ላስቲክ ሳትገልጡ፣ ከፓራፋንጎው ሥር እጃችሁን ሳታስገቡ ቀብድ አትክፈሉ። መልካም የጥገና እጅ ካገኛችሁም የሠራውን ሰው አድራሻ ጠይቁ።