የእንግዳ ቡድን ደጋፊ

በእንግሊዝ እግር ኳስ ከሜዳው ውጪ የሚጫወት ክለባቸውን ተከትለው የሚጓዙ ደጋፊዎች፣ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ ለጨዋታው የሚሰጡት ድምቀት እጅግ የላቀ ነው። ከኒውካስል ወደ ቦርንማውዝ የሚወርድ ደጋፊ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ለእንግዳ በተከለለው የስታዲየሙ ጥግ መቀመጫ እያለው ዘጠና ደቂቃ ቆሞ ሲዘምር ይቆይና፣ ቡድኑ ቢሸነፍም (የእንግዳ ዕጣ ወደዚያው ያደላል) ድምፁ ተዘግቶ በሌሊት ይመለሳል። ክለቦቹ ከቴሌቪዥን መብት በቢሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ እያፈሱ የዚህን ሰው ኪስ መዳበሳቸው ያስቆጣቸው ደጋፊዎች ለትኬት «ሃያ ፓውንድ ይበቃል» በሚል መፈክር ከሞገቱ በኋላ፣ ፕሪሚየር ሊጉ እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግዳ ትኬትን ጣሪያ፣ ማለትም የማይታለፈውን ከፍተኛ ዋጋ፣ በ30 ፓውንድ ወሰነ፤ የአውቶቡሱ ሒሳብና የመንገዱ ስንቅ ግን ዛሬም ከደጋፊው ኪስ ነው።