ከደማም በባቡር ወደ ሁፉፍ

ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ደማም ወይም ኮበር ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚመጡ አባትና እናት ብዙ ጊዜ የሚያዩት የገበያ አዳራሽና የባሕር ዳርቻውን መናፈሻ ነው። ከተሞቹ የተስፋፉት የደማም 7ኛው ጉድጓድ በ1938 እ.ኤ.አ. ነዳጅ ካፈለቀ ወዲህ ስለሆነ፣ አንዳንዱ እንግዳ ከሚጎበኘው ሠፈር በዕድሜ ይበልጣል!

እኔ የማደንቀው ማለዳ ተነሥተው ባቡር የሚሳፈሩትን ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የደማም–ሪያድ መስመር በአብቃይቅ አልፎ ሁፉፍ ያደርሳል። ሁፉፍ የአል-አህሳ የበረሃ ገነት ዋና ከተማ ናት፤ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ የተምር ዛፎች ያሏትን ይህችን ገነት ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

የሁፉፍ የቀይሰሪያ ገበያ ለጉልበት ደግ ነው፤ መተላለፊያው ጣሪያ አለው፣ ሱቆቹ ተጠጋግተዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. ተቃጥሎ በቀድሞ መልኩ ተሠርቷል። እዚያ ነው የጥንዶቹ ጉብኝት የሚያምረው። እሷ የጥበብ ቀሚስ ስትመርጥ የኖረች ናትና፣ በሚሸጡት ካባዎች ዳር ያለውን የወርቅ ክር ገልብጣ ትመረምራለች፤ ዋጋም ትጠይቃለች፣ ባትገዛም። እሱ መቀመጫ አግኝቶ በሱቆቹ ያሉትን የዓረብ ጀበናዎች አንገት ከእኛው ጀበና ጋር ያስተያያል። ወጣት በሩብ ሰዓት የሚያልፈው መንገድ ለእነሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚያርፉ ብዙ ያያሉ።

ከዚያ ወደ ቀስር ኢብራሂም ምሽግ። ምሽጉ ውስጥ ጉልላታም መስጊድ አለ፤ ጎንደርን ያየ ሰው የፋሲልን ግቢ ማንሳቱ አይቀርም። ጉዞው በታኅሣሥና በጥር ይሁን፤ በሐምሌ ሙቀቱ ለማንም አይሆንም።