«የህንድ ፊልም» ስድብ ነው እንዴ?

ወዳጅህ ነገር ሲያጋንን «የህንድ ፊልም አታድርገዋ» ትለዋለህ። ይቺ ፌዝ የአማርኛ ፊልም ሠሪዎችን ያሳሳተች ይመስለኛል።

እስቲ ስለ ገበሬ የተሠሩ ሁለት ፊልሞችን እናስተያይ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) ጥቁርና ነጭ ነው፤ ጭሰኛው ለባለርስቱ ሲለፋ ሳይቸኩል ያሳየናል። የመህቡብ ካን «ማዘር ኢንዲያ» (1957) ደግሞ ባለቀለም፣ ዘፈን የሞላበት፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት የቀረው የገበያ ፊልም ነው። ለሠርግ ከአራጣ አበዳሪ የተወሰደ 500 ሩፒ ቤተሰቡን ይበላዋል፤ መጨረሻ ላይ እናት በገዛ ልጇ ላይ ትተኩሳለች። ዳይሬክተሩ ታሪኩን በ1940 «አውራት» ብሎ ሠርቶት ነበር። ሲደግመው ቀለም ጨመረበት እንጂ ዕዳውን አልሰረዘለትም።

የኃይሌን ቁጣ አከብራለሁ። ግን እዚህ ላስታ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ገበሬው ራሱ ቁጭ ብሎ የሚያየው የትኛውን ነው? እኔ ሁለተኛውን እላለሁ፤ ዘፈን አለዋ! አምባሰልና ባቲ ለወሎ የቦታም የቅኝትም ስም ናቸው። ስማቸውን ከከተማችን ጋር የሚጋሩት ላሊበላዎችም ንጋት ላይ በር ቆመው፣ የባለቤቱን ስም እየጠሩ ያወድሳሉ። የሚዘፍኑት እንዲሰጣቸው ነው። ዜማው በዚህ ረከሰ ያለ ሰው አልሰማሁም።

ስለዚህ ቀጣዩ የአማርኛ የፍቅር ፊልም እንዳሻው ያስለቅሰኝ። ብቻ ልጁ ስንት ብር ዕዳ እንዳለበት፣ የቆመበት መሬትም የማን እንደሆነ ይንገረኝ።