የጎታው ድርሻ

የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ሲመረቅ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፤ ሙዚየም የተቸ ሁሉ ታሪክ ጠል ይባላልና።

ሕንፃው በአራቱ ማዕዘናት ጀግኖች የተሰየሙ በሮች አሉት። የዋግ ሰው በየትኛው ይገባል? በሰሜኑ ነዋ! ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ጦር ይዘው ዘምተዋል። ዋግሹሙስ ገቡ፤ ጎታው ግን ውጭ ቀረ። 1888 ዓ.ም. ማለት እኮ ክፉ ቀን ካለፈ ገና አራት ዓመቱ ነው። ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋው ሠራዊት የሚበላው ከያዘው ስንቅ ብቻ አልነበረም፤ ካለፈበት አገር አራሽ ጎታም ነበር። ከውጊያው በፊት ባሉት ቀናት ስንቁ ተሟጦ ሊበተን ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። ያ አራሽ ጥይት ሳይተኩስ ዘምቷል፤ ያውም ሳይጠየቅ። «መቼም ጎታ ሐውልት አይሠራለትም» ትሉኝ ይሆናል። ለምን አይሠራለትም? ለፈረስ ተሠርቶ የለም እንዴ!

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ዳር ያለው የሰማዕታት ሐውልትም ያው ነው። ኢሕዴን በ1973 ዓ.ም. ዋግ ምድር ላይ ሲመሠረት ያበላውና የደበቀው ገበሬ እዚያ ትረካ ውስጥ «ሕዝቡ» ነው፣ በቃ። ድርጅቱ ስሙን ለዋውጦ ለዋውጦ በ2012 ከብልጽግና ገባ። «ሕዝቡ» ግን እስካሁን ስም አላገኘም።

ጦርነትን ለዕይታ ማቅረብ ፋሺስቱም ያውቅበት ነበር። በመስከረም 1930 ዓ.ም. የደጃዝማች ኃይሉ ከበደን አንገት ቆርጦ ሰቆጣና ኮረም ገበያ ላይ ያሳየው ለምን ይመስላችኋል? ገበያተኛው ምን ማስታወስ እንዳለበት ሊወስንለት ነው። የኛዎቹ እንደዚያ ጨካኝ አይደሉም፣ እግዜር ይመስገን፤ መወሰኑ ላይ ግን ይመሳሰላሉ።

ይሄን የምጽፈው ስለ ድሮ ብዬ አይደለም። በ2013 የፈነዳው ጦርነትም ነገ ሙዚየም ይሠራለታል፤ ምናልባትም እዚህና እዚያ፣ ሁለት ተቃራኒ ሙዚየም። በ2014 ክረምት ሰቆጣ ከኒሯቅ የተፈናቀሉ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀምጬ፣

«አባቴ፣ የዚህ ጦርነት ሙዚየም ቢሠራ ምን ቢቀመጥ ይወዳሉ?» አልኳቸው።

የመምህር ጥያቄ! አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። የልጅ ልጃቸው ወደ ኽምጣና መለሰላቸው። (ፒያሳ ይሁን ባሕር ዳር፣ ለኽምጣና ተናጋሪ ማን ያስተረጉምለት ይሆን?) ሽማግሌው ዝም አሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። ልጁ ይተረጉማል፦

«ቦራዋ ፍየል… ዳለቻዋ… ቀንደ ሰባራዋ… መንታ የወለደችው…»

አሥራ አንደኛዋ ላይ ሲደርሱ ስማቸው ለእርዳታ ስንዴ ተጠራ፤ ኩርታቸውን ይዘው ተነሡ።