ቀስቷ ከመስመሩ ጎን

አንድ ፋይል ከፍቼ ሦስት ስሞች ጻፍኩ፤ ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ናቸው። ፊደላቸው ሲቆጠር 10 ነው። ከዚያ እዚያው ኢማክስ ውስጥ ሼል፣ ማለትም የትእዛዝ መስጫ ገጽ፣ ከፈትኩና ፋይሉ ስንት ባይት እንደሆነ ጠየቅሁ። 33 አለኝ። ልክ ነው። በዩቲኤፍ-8 አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል፤ በዚህ ላይ ሦስት የመስመር መጨረሻዎች አሉ።

ኢማክስ ሥሩ 1976 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚሄድ፣ የግኑ ቅጂው በ1985 የወጣ የጽሑፍ አርታኢ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ላይ የተመዘገበው በ1999 ቢሆንም፣ ኢማክስ 20 ሁለት ዓመት ቀድሞ ያውቀው ነበር። በላቲን ቁልፎች ፊደል የሚጻፍበት ስልት ሴራ ይባላል። ስሙ በአማርኛ ቢያስደነግጥም የሚያሴረው ነገር የለም።

ሼሉ የተከፈተበት ገጽ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ነው። ወደ ላይ ወጥቼ የትናንቱን መልስ ልቆርጥ፣ ልቀዳ፣ ውስጡ ቃል ልፈልግ እችላለሁ። ታዲያ ሼሉ የእኔን ቃል ከራሱ በምን ይለየዋል? በአንዲት ምልክት። ምልክቷ ፕሮግራሙ ጽፎ ያበቃበት ቦታ ላይ ትቀመጣለች፤ ለዓይን አትታይም። ከእሷ በኋላ ያለው የእኔ ነው፤ ኢንተር ስጫን ይላካል። ፕሮግራሙ መልሱን ሲጽፍ ምልክቷ አብራው ወደ ታች ትወርዳለች። ቀድሞ በሰጠሁት ትእዛዝ ላይ ቆሜ ኢንተር ብጫን ደግሞ ትእዛዙ ወደ ግርጌ ተቀድቶ እንደገና ይላካል። መገጣጠሚያው ይኸው ነው። ከዚህ የቀጠነ ስፌት ብዙ አላየሁም።

እንደ ቶፕ ያሉ፣ ስክሪኑን በሙሉ እየሳሉ የሚያድሱ ፕሮግራሞች ግን በዚህ ገጽ ላይ ይበታተናሉ። ለእነሱ ተርም ወይም ቪተርም የተባሉት እውነተኛ ተርሚናሎች አሉ። እኔ ለዕለት ሥራ ተራውን ሼል እመርጣለሁ፤ ተርሚናሉ ፍጥነት ሲሰጥ ጽሑፉን እንደ ልብ ማረም ይወስዳል።

ወደ ስሞቹ ልመለስ። የየስሙን የመጀመሪያ ፊደል የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም በሲ ጻፍኩ። ጋ፣ ስ እና እ ነበር የጠበቅሁት። የወጣው ግን ሦስት ጊዜ \341 ነው። ተራ ተርሚናል ቢሆን የጥያቄ ምልክት አሳይቶ ያልፍ ነበር። ኢማክስ ግን ባይቱን ራሱን በስምንት ቤት ቁጥር አሳየኝ። ከርሰሩን ባስኬደው አራቱን ምልክቶች በአንድ እርምጃ ዘለላቸው፤ አንድ ባይት ናቸውና።

ስሕተቱን ለመፈለግ ዲበገሩን፣ ጂዲቢን፣ እዚያው አስነሳሁ። ከመስመሩ በስተግራ ባለው ጠባብ ኅዳግ ላይ አይጤውን ጠቅ ሳደርግ ቀይ ነጥብ ተቀመጠ፤ ፕሮግራሙ እዚህ ይቁም ማለት ነው። ሮጦ ሲቆም በዚያው ኅዳግ ላይ ትንሽ ቀስት ብቅ አለች። አንድ እርምጃ ስል ቀስቷ አንድ መስመር ወረደች። በቀድሞው አሠራር ጂዲቢ የቆመበትን የሚናገረው ሁለት የኮንትሮል-ዜድ ምልክቶችን አስቀድሞ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር በመጻፍ ነበር። ኢማክስ ያቺን ጽሑፍ ከመንገድ ይለቅማት ነበር፤ ዛሬም ለእኔ የምትደርሰኝ ቀስቷ ብቻ ናት።

የመጀመሪያውን ባይት ዋጋ ጠየቅሁ። ‑31 '\341' አለኝ። ያለ አሉታዊ ምልክት ሲነበብ 225 ነው፤ በሁለት ቤት ሲጻፍ 11100001። ከፊት የተደረደሩት ሦስት አንዶች «ፊደሉ 3 ባይት ነው» የሚሉ ናቸው። የጋ ሙሉ መልኩ በስምንት ቤት 341፣ 214፣ 213 ነው። መነሻው 341 ግን የ«ስ»ም፣ የ«እ»ም ነው፤ ለዚህ ነው ሦስቱ መስመሮች አንድ የሆኑት። ፕሮግራሜ ከሦስት አንዱን ቆርሶ ሙሉ ፊደል መስሎታል። አንዶቹን ቆጥሮ ያንኑ ያህል ባይት እንዲያወጣ አረምኩት፤ ጋ፣ ስ፣ እ ወጡ።

ቀስቷን ሳይ ቤተልሔም ትዝ ትለኛለች፤ የድጓው ምስክር ቤት፣ ጋይንት ያለችው። በድጓ የዜማው ምልክት በሌላ መጽሐፍ አይጻፍም። ይዘቱም፣ ጭረቱም፣ ርክርኩም በጥቃቅን ጽሕፈት ከቃሉ በላይ፣ በሁለት መስመሮች መካከል ይቀመጣል። ዓይን ከቃሉ ሳይለቅ ድምፁን ያገኛል። ይህ ብልሃት በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተሠራ ይነገራል። ቀይ ነጥቡና ቀስቷም ከፕሮግራሙ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ቢቀመጡ ኖሮ ዓይኔ በሁለት መስኮቶች መካከል ሲመላለስ መስመሩ ይጠፋበት ነበር።

ኢማክስ በዓለም ቋንቋዎች ሰላምታ የሚያሳይ ገጽ አለው፤ ኮንትሮልን ይዞ ኤች፣ ከዚያ ኤችን ብቻውን መጫን ነው። የአማርኛው መስመር «ሠላም» ይላል፣ በንጉሡ ሠ። የግእዙ ሰላም በእሳቱ ሰ ነው። ቤተልሔም ቢሆን ሳይታረም አያልፍም።