ኩልን በሐያሲ ዓይን

ሥዕልን የሚተች አለን። ዘፈንን የሚያብጠለጥል ሞልቶናል። የልቦለድን ድክመት ነቅሶ የሚያወጣም ቢያንስ አልጠፋም። ሴት በማለዳ መስተዋት ፊት ተቀምጣ በገዛ ዓይኗ ጠርዝ ላይ የምታሰምረውን መስመር ግን እንደ አንድ ሥራ ቆጥሮ የተመለከተው ሐያሲ ማን ነው? ስለ ኩል ሲወራ የሚወራው ስለ ተኳለችው ሴት ጠባይ ነው፤ መስመሩን ልብ ብሎ ያየ የለም። ይህ ጸሐፊ ዛሬ ሊሞግት የተነሣው ይህንን ልማድ ነው።

ከቃሉ እንነሣ። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኩል በሁለት መልክ ይመጣል። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 9 ኤልዛቤል የኢዩን መምጣት ሰምታ ትኳላለች፣ ራሷን ታስጌጣለች፣ በመስኮትም ትመለከታለች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 3 ደግሞ ለሎዶቅያ ሰዎች በተላከው መልእክት ማየት የተሳነው ሰው ያይ ዘንድ ዓይኑን የሚኳልበትን ኩል እንዲገዛ ይመከራል። አንዱ ቃል በዚያ የትዕቢት ጌጥ፣ በዚህ የማያ መድኃኒት ነው። እኛ የመጀመሪያውን በቃላችን ይዘን ሁለተኛውን ረሳነው። የኩል ፍርዳችን የተንጋደደው ከዚህ ላይ ይመስለኛል።

የዓይን ዙሪያ መስመር ትርጉም እንዳለው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጥንት ያውቁታል። በነባሩ ሥዕላችን ጻድቁ ሁለት ዓይኖቹን ገልጦ ይመለከተናል፤ ክፉው በአመዛኙ ጎኑን ሰጥቶ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እነዚያን ትልልቅ ዓይኖች ከሩቅ እንዲያዩን ያደረጋቸው በዙሪያቸው የተሰመረው ጥቁር መስመር ነው። መስመሩን ቢያነሡት እይታው ይደበዝዛል። እንግዲህ ሠዓሊው በግድግዳ ላይ ሲሠራው ጥበብ ያልነው፣ ሴቲቱ በፊቷ ላይ ስትሠራው ከንቱነት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

ለነገሩ የአያቶቻችን ኩልና የዛሬው ባለ ክንፍ ኩል አንድ አይደሉም። የቀድሞው በቀጭን እንጨት የዓይንን የውስጥ ጠርዝ ያጠቁራል። የዛሬው ከሽፋሽፍት ሥር ተነሥቶ ከዓይን ጥግ አልፎ ወደ ቅንድብ ጫፍ ይወጣል። ብዙዎች ይህን ክንፍ «የክሊዮፓትራ ዓይን» ይሉታል። ስያሜው ግን ከንግሥቲቱ ይልቅ የሲኒማው ነው። ኤልሳቤጥ ቴይለር የተጫወተችበት፣ ጆሴፍ ማንኪዊችዝ ያዘጋጀው «ክሊዮፓትራ» እ.ኤ.አ. በ1963 ሲወጣ ዓለም ያየው በሰማያዊ ቀለም ላይ የተሰመረ ወፍራም ጥቁር መስመር ነበር። ንግሥቲቱ የሞተችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ዓመት ነው፤ በስሟ የተመቱት ሳንቲሞች የሚያሳዩን ከጎን የታየ፣ አፍንጫው ጎላ ያለ ፊት እንጂ የኩል ክንፍ አይደለም።

የግብጾችን ኩል ለማየት ከእርሷ ከ1,300 ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ያሻል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1912 በአማርና ከቀራጺው ቱትሞስ የሥራ ቤት የተገኘው የንግሥት ነፈርቲቲ ሐውልት ዛሬ በርሊን አለ። የግራ ዓይኗ ብሌን የለውም፤ ሆኖም የሐውልቱ እይታ አልጠፋም። በግብጾች ሥዕልና ቅርጽ የኩሉ መስመር ከዓይን ጥግ ወጥቶ በአግድም ወደ ጆሮ ግንድ ያመራል፤ ቅንድቡም አብሮት ይጓዛል። ወደ ላይ የሚፈናጠረው ክንፍ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ነው። ስለዚህ እኅቶቻችን ከፎቶግራፍ ላይ የሚቀዱት ክንፍ ራሱ ቅጂ ነው ማለት ነው። ቅጂ መቅዳቱ ኃጢአት አይደለም፤ ጉዳቱ የራስን ዓይን ሳያዩ መቅዳቱ ላይ ነው።

አሁን ወደ መስተዋቱ እንቅረብ። በቤት ውስጥ የሚሠራ ክንፍ የሚበላሽበት ምክንያት ተደጋጋሚ ነው። አንደኛው ቆዳን በጣት ወጥሮ ማስመር ነው፤ ጣቱ ሲለቀቅ ቀጥ ያለው መስመር ይኮማተራል። ሌላው ዓይንን ጨፍኖ መሳል ነው። የላይኛው ቆብ ወደ ታች ወረድ የሚልባት ሴት ጨፍና ያሳመረችው ክንፍ ዓይኗን ስትገልጥ ተሰብሮ ታገኘዋለች። ሦስተኛው አንዱን ዓይን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ለማስተካከል ሲታገሉ ሁለቱም እየወፈሩ ይሄዳሉ።

መፍትሔው ሠዓሊ ሁሉ የሚያውቀው ነው፦ ከመስመር በፊት ልክ። ብርሃን ፊት ለፊት ከሚመጣበት መስኮት አጠገብ ተቀምጦ፣ ክርንን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ፣ ዓይንን ገልጦ ቀጥ ብሎ ማየት። የታችኛው ሽፋሽፍት መስመር ወደ ቅንድብ ጫፍ ቢቀጥል የሚያልፍበትን ቦታ በትንሽ ነጥብ ምልክት ማድረግ፤ በሌላኛውም ዓይን እንዲሁ። ሁለቱ ነጥቦች ተነጻጽረው ከተስማሙ በኋላ ብቻ ከነጥቡ ወደ ቆቡ መካከል በአጫጭር ጭረት መመለስ። የተረፈውን ዘይት በነካ ጥጥ ከሥር መጥረግ። የማንም ሰው ሁለት ዓይን ፍጹም እኩል አይደለም፤ ጥሩ ክንፍ ልዩነቱን ያቻችላል፣ መጥፎ ክንፍ ያጋልጠዋል። ሂሳችን የሚያርፈው እዚህ ነው፦ መስመሩ ዓይኑን አሳየን ወይስ ሸፈነው?

የሐያሲ ሥራ ግን በመስመሩ አያበቃም፤ ቀለሙ ከምን እንደተሠራም ይጠይቃል። «እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች» የሚባለው ተረት ቀልድ ብቻ አይደለም። በጥንት ግብጽም ሆነ ዛሬ በብዙ አገር ገበያ በሚሸጥ ኩል ውስጥ ጋሌና የሚባለው ማዕድን ይገኛል፤ ይህም እርሳስና ድኝ የተዋሐዱበት ነው። አማርኛችን የመጻፊያውንም የመርዛማውንም ነገር ስም «እርሳስ» ማለቱ እዚህ ላይ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በግብጾች ኩል ውስጥ የነበሩ አንዳንድ የእርሳስ ጨዎች በጥቂቱ ሲሆኑ የሰውነትን መከላከያ ሊቀሰቅሱ እንደሚችሉ ጽፈዋል። ይህ ግን ለዛሬ እናት ፈቃድ አይሆናትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃን የማይጎዳ የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ በአሜሪካም ኩል በመዋቢያ ቀለምነት አልተፈቀደም። ሕፃን እጁን ከዓይኑ ወደ አፉ ይወስዳል፤ አእምሮው የሚጎዳውም ምልክት ሳይታይ ነው። ከከሰል ጥላሸት የተሠራውም ከማዕድኑ የተፈጨውም ጥቁር ነው፤ በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ምንነቱ ያልተጻፈበትን ብልቃጥ አለመግዛት፣ ሕፃንን ጨርሶ አለመኳል፣ የኩል እንጨትንም ከሌላ ሰው ጋር አለመዋዋስ።

እነሆ ጉድለታችን። ሴቲቱን «ኤልዛቤል» እያልን ስንነቅፍ ብልቃጧ ውስጥ ያለውን አልጠየቅንላትም፤ መስመሯም ሲያምር አላመሰገንናት፣ ሲወላገድም አላረምናት። ያለ ዕውቀት የሚሰነዘር ነቀፋ ሂስ አይባልም። ለሌላው መኳል ከመፍረዳችን በፊት ያ ለሎዶቅያ ሰዎች የታዘዘው ኩል ለእኛም ያስፈልገናል።